ብርቄ ለብቻዋ የተማረችው እንግሊዝኛ

ብርቄ ቦንጋ ውስጥ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ታነጥፋለች፣ ክፍል ትወለውላለች። ትምህርቷን ያቆመችው ገና በልጅነቷ፣ እናቷ የታመመች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ትዳሩም ልጁም ኑሮውም ተራ በተራ መጣባትና ደብተር መያዝ የሌላ ሰው ነገር ሆኖ ቀረ። አላዘነችም አይባልም፤ ግን የለመዱት ሐዘን ሥራ አያስፈታም።

ጫካውንና ቡናውን ሊያይ የሚመጣው ፈረንጅ እየበዛ ሲሄድ የማረፊያው ባለቤት ጋሽ ወልደሥላሴ ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«እንግዳ የሚቀበልና ምግብ ቤቱን የሚመራ ሰው ከእናንተው መሀል አወጣለሁ» አሉ። «ግን አፍ ያለው ሰው ነው የምፈልገው። እንግሊዝኛ የሚያስተምራችሁ መምህር አግኝቻለሁ። ተማሩ።»

ብርቄ ባልዲ ማንሳት ከከበዳት ቆይቷል። ወገቧ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላታል። ይህ ቦታ ካመለጣት ጎንበስ ብላ እንደኖረች ጎንበስ ብላ እንደምታረጅ ታውቀዋለች።

መምህሩ ሙሉብርሃን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል ወንበሮቹን ክብ አድርጎ አስቀመጣቸውና እየተነሡ እርስ በርስ እንዲጠያየቁ አዘዛቸው። ብርቄ ተራዋ ደርሶ ቆመች። ስሟን መናገር እንኳ አቃታት።

«ኧረ ንገሪና! ስምሽን ዋጫ ገበያ ረስተሽው መጣሽ እንዴ?» አለ ዘበኛው አብዱ።

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወጥ ቤት የምትሠራው ፍሬ ደግሞ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ፍሬ የብርቄ የመጀመሪያ ልጅ እኩያ ናት። ብርቄ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ሲበተኑ መምህሩን ወደ ጎን ጠራችው። «መምህር፣ እኔ ከልጆች ጋር አይሆንልኝም። ለብቻዬ ያስተምሩኝ።» በማግሥቱም ቢታ ገነት ያለው ወንድሟ የላከላትን ማር ይዛለት ሄደች። እሱም አይሆንም አይሆንም ብሎ ተቀበላት።

ከዚያ ወዲህ የሌሎቹ ትምህርት ሲያልቅ የማረፊያው በረንዳ ላይ ሁለቱ ብቻ ይቀመጣሉ። ብርቄ አፏ ተፈታ። የሚስቅባት የለም። «ዘ ሩም ኢዝ…» ብላ ስትንተባተብ ሙሉብርሃን ቀሪውን ቶሎ ብሎ ይጨርስላታል፤ እሷም ራሷ የተናገረችው ያህል ይሰማታል። እናቱን የምታህል ሴት ተሳሳትሽ ማለት ለእሱ ነውር ነው። ለእሷም መምህርን ይድገሙልኝ ማለት ድፍረት ነው፤ ባይገባትም አንገቷን ትነቀንቃለች። «ገባዎት፣ እትዬ?» ይላታል። «ገባኝ፣ መምህር።» እንዲህ እየተከባበሩ ክረምቱ አለፈ።

ብርቄ ኮራች ቢባል ሐሰት አይደለም። አንድ ቀን አንሶላ እያጠፈች ከምግብ ቤቱ የሚመጣውን የተማሪዎቹን ጫጫታ ሰማች። ፍሬ «ዩ ኢት! ሂ ኢት! ኦል ኢት!» እያለች ትጮሃለች፤ ሌሎቹ ያርሟታል፤ እሷ ትሰድባቸዋለች።

«እንግሊዝኛ ነው ወይስ የዶሮ ጠብ?» አለች ብርቄ ፍሬ ስትወጣ።

«እኛማ የገበያውን ነው የምንማር፣ እትዬ ብርቄ። የቤተ መንግሥቱ ለእርስዎ ነው» አለቻት ፍሬ እየሳቀች።

«ቢሆንስ?» አለች ብርቄ።

ከመስቀል በኋላ በሁለት መኪና ፈረንጆች በጅማ በኩል መጡ። ጋሽ ወልደሥላሴ ብርቄን ጠሩ። «መምህሩ ስለ አንቺ ደግ ደጉን ነው የነገረኝ። ዛሬ አንቺ አስተናግጂ፣ እንይሽ» አሏት። ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ሠራተኞቹ ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያያሉ። «ዌልካም» አለች፤ ደህና ወጣላት። ወንበር አሳየች፣ ቆጮውንና ሥጋውን ከቃሪያ ዳጣ ጋር አቀረበች።

አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ግን አረንጓዴውን ዳጣ በጣቷ እያሳየች፣ ሆዷን በእጇ እየያዘች አንድ ነገር ጠየቀቻት። ከወዲያ ሌላው ይጠይቃል። ቀስ ብሎ የሚናገር የለም። ብርቄ የሴትዮዋን አፍ እያየች ጠበቀች፤ እንደ መምህሩ ቀሪውን የሚጨርስላት ሰው ያለ ይመስል። እንግዳን ምን አልሽ ብሎ መመለስ ደግሞ ከየት ይምጣ? አንገቷን ነቀነቀች።

«የስ» አለች።

ሴትዮዋ ደግማ ጠየቀቻት።

«የስ። ኖ ፕሮብሌም።»

ሴትዮዋ አመስግና ዳጣውን በቆጮው ላይ ከምራ ጎረሰች። ወዲያው ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ ፈሰሰ፣ ትንፋሿ አጠራት። ጓደኛዋ መድኃኒት ፍለጋ ቦርሳውን መሬት ላይ ዘረገፈው። ብርቄ ሳህን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ፍሬ እርጎ ይዛ እየሮጠች ገባች። «ሶሪ ማዘር! ዚስ ፋየር! ዩ ስቶማክ ሲክ? ስሎው ስሎው ቴል ሚ!» ሲመልሱላት አልገባትም፤ «አጌን! አጌን!» እያለች አስደገመቻቸው። በእጇም በዓይኗም ጠየቀች፣ ስትሳሳት በራሷ ሳቀች፤ እነሱም አብረዋት ሳቁ። ለካ ሴትዮዋ ጨጓራ ኖሮባት በርበሬ የለበትም ወይ ብላ ነበር የጠየቀችው።

ሴትዮዋ ተረጋጋች። ብርቄ ወደ ወጥ ቤት ስትመለስ አብዱ እንኳ አልቀለደም። እሱ ዝም ያለበት ውርደት ከሳቁ ሁሉ ባሰባት። ጋሽ ወልደሥላሴም አልተቆጡም። «አይዞሽ፤ ቦታውን ፍሬ ትያዘው» ብቻ አሏት።

ሙሉብርሃን ሰምቶ መጣ። «እትዬ፣ ሲሳሳቱ አላረምኩዎትም። አፍሬ ነው።»

«እኔስ ሳይገባኝ ገባኝ እያልኩዎት» አለች። ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ከእንግዲህ ይግቡና ከነሱ ጋር ይቀመጡ። እነሱ እንደ እኔ አያፍሩዎትም።»

በማግሥቱ ከትምህርቱ ልትቀር ነበር። ባልዲዋን ይዛ ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ የሚወለወል ነገር ፈልጋ አጣች። ገብታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነዋል።

«እትዬ ብርቄ፣ ከኔ ጋር ይሁኑ» አለች ፍሬ፣ አዲሱን ሽርጧን እንደታጠቀች። «እኔ ፈረንጅ ነኝ።» ብላም በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

ብርቄ አልገባትም። አንገቷ ሊነቀነቅ ሲል ያዘችው። «ድገሚልኝ» አለች።

«በአማርኛ አይቻልም!» ብሎ አብዱ ከወዲያ ጮኸ፤ ክቡ በሙሉ ሳቀ።

ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ተነሥታ ብትወጣ በሩ ቅርብ ነበር። «አጌን» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«አልሰማሁም» አለች ፍሬ።

ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ልትጎትት አንሥታ መልሳ ለቀቀችው። ከሐፍረት የተነሣ ማንንም ሳታይ፣ ጮክ ብላ ደገመችው።

ፍሬ ጥያቄውን ቀስ አድርጋ ደገመችላት። አሁንም አልገባትም። አሁንም ጠየቀች።