የአደራ ባል

ነገሌ ላይ ፎቶ ማንሳት ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ጉግሳን አያውቀውም። ደንበኛ እንኳ አልጠፋበትም። የጦር ሰፈሩ ወታደር ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ተላጭቶ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ከተዋሰው ሰዓት ጋር ይመጣል፤ አገር ቤት ያለችው እናቱ አለመክሳቱን እንድታይለት። የጉግሳ ጣጣ ከተነሱ በኋላ የሚመጣው ነበር። ሰው ፎቶውን ይጥላል፣ ልጅ ይቀድበታል፣ ዝናብ ያበላሽበታል፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ፣ "ያንን ፊቴን ድገምልኝ" ይላል።

ጉግሳ ጠንቃቃ ስለነበር ለዚህ ተዘጋጅቷል። የሁሉንም ኔጋቲቭ በአንድ የእንጨት ሣጥን ያኖራል። ለክፉ ቀን ብሎ ደግሞ ከእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ትርፍ አጥቦ በሌላ የእንጨት ሣጥን ያስቀምጣል። ከዚያ ሁለቱን ሣጥኖች አነባብሮ አልጋው ሥር ከተታቸው። አንድ የክረምት ወር ምስጥ ከመሬት ወጣና ከታችኛው ጀምሮ በላይኛው ጨረሰ። የሰፈሩ ወታደር፣ ሙሽራው፣ የክርስትናው ሕፃን፣ ሁሉም አፈር ሆኑ። አንድ መቶ አለቃ የሠርግ ፎቶውን ሊያሳጥብ መጥቶ ይህን ሲሰማ፣ ምስጡን ይክሰስ ጉግሳን መወሰን አቅቶት ሦስት ጊዜ ከፍርድ ቤቱ በር ተመለሰ።

መፍትሔውን ያገኘው ከጂሎ ነው። ጂሎ የሊበን ከብት አርቢ ሲሆን በየዓመቱ በሬ ሊሸጥ ከተማ ሲመጣ፣ ከመሸጡ በፊት ከበሬው ጋር ፎቶ ይነሳል። ለመለያየት ልቡ ስለማይችል ነው። በሬዎቹን ሁሉ ምስጥ እንደበላቸው ሲነገረው ተቀምጦ ሳቀ።

"አንተ፣ ከብትህን ሁሉ አንድ በረት ውስጥ ታስራለህ እንዴ?" አለው። "እኛ ደባሬ የምንለው አለ። አንዷን ላሜን ለዋጪሌ ሰው እሰጣለሁ፣ አንዷን ለያቤሎ። እዚህ ሣር ቢጠፋ እዚያ ይኖራል። ወተቱን ያቆያት ሰው ይጠጣል፤ ላሚቱና ጥጃዋ ግን የኔ ናቸው።"

"ቢክዱዎትስ፣ አባ ጂሎ?"

"ላም አምኖ የሰጠህን ሰው እንዴት ትክደዋለህ?" አለ ጂሎ፣ ጥያቄው ራሱ እያሳፈረው።

ጉግሳም የፎቶ ደባሬ ጀመረ። የፊልቱን ሰው ፎቶ በያቤሎ ግድግዳ፣ የያቤሎን በነገሌ፣ የነገሌን በዱብሉቅ። በሚያውቃቸው ሾፌሮች እጅ ይልከዋል፤ ለተቀባዩም የሚነግረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አደራ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ በሚባልበት አገር ሌላ ቃል አያስፈልግም። የማን ፎቶ የት እንዳለ የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው። ጂሎስ ከብቱን የሚይዘው በምን ሆነና?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በጥቂት ዓመት ውስጥ የቆላው ከተማ ሰው ሁሉ የማያውቀውን ሰው ግድግዳው ላይ ሰቅሎ መኖር ለመደ። መኖሩ ባልከፋ፤ መዋደድ ተጀመረ እንጂ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሚስት ወይዘሮ የዓለምወርቅ የተሰጣት አንድ የፊልቱ የግመል ነጋዴ ነበር። ከባሏ ጋር በተጣላች ቁጥር ወደ ግድግዳው ዞራ፣ "እሱ ቢያንስ ሲናገሩት ያዳምጣል" ትላለች። ጸሐፊው ጉግሳን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ከተቻለ ነጋዴውን ወስዶ መልከ ጥፉ የሆነ ሰው እንዲሰጣቸው ለመነው። ጂሎ ራሱ አንድ የግብር ሹም ደረሰው። በረቱ በር ላይ ሰቀለውና ከዚያ ወዲህ ጅብ አልመጣብኝም እያለ ያወራል።

በዛብሽ የመጣችው እንግዲህ በዚህ ዘመን ነው። በጦር ሰፈሩ በር የወታደር ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። ባሏ አሥር አለቃ ሙሉነህ በፊልቱ መንገድ መኪና ተገልብጦበት ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች። የተወለደችው ልጅ ጥሩነሽ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች።

"ጋሼ ጉግሳ፣ የሙሉነህን ፊት ፈልጉልኝ" አለችው።

"የወሰዳችሁትስ?"

"አንድ ቀን ጠጥቶ መጥቶ ድስቱን በእርግጫ ሲደፋው ተናድጄ ፎቶውን ቀዳድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። ሌላ ይነሳል ብዬ። ሳይነሳ ሞተ። የክፍሏ ልጆች ጥሩነሽን አባት የለሽም፣ ቢኖርሽ ፎቶው ይኖር ነበር ይሏታል። መልኩን ንገሪኝ ትለኛለች። እኔም እየጠፋብኝ ነው፣ ጋሼ። ሪዙ ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ፊቱ የለም፣ ሪዙ ብቻውን ይመጣል።"

ጉግሳ ከምስጡ በኋላ ኔጋቲቮቹን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነበር የሚያኖራቸው፤ ምስጥ ቆርቆሮ አይበላም ብሎ። እውነት ነው አይበላም። የነገሌ ፀሐይ ግን ያሞቀዋል። ሣጥኑን ሲከፍተው ፊልሙ ሁሉ እንደ ታሸገ ቴምር ተጣብቆ አንድ ጡብ ሆኗል። ከመላው ሻለቃ አንድ ወፍራም ወታደር ተሠርቷል። ጉግሳ ክዳኑን ቶሎ መልሶ ዘጋ፤ በዛብሽ ግን አይታለች።

"ዱብሉቅ አለ" አላት ፊቷን ሳያይ። "ዲንኪቱ የምትባል ሻይ ቤት ያላት ሴት ዘንድ ሰቅዬዋለሁ። እንሄዳለን።"

ስኳር በጫነ መኪና ላይ፣ ጉግሳ ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ በዋጪሌ በኩል ሄዱ። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረው ዱብሉቅ ሲደርሱ ዲንኪቱ በር ላይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር።

"አካም፣ ጋሼ ጉግሳ? ናጋ?"

"ናጋ፣ ናጋ" እያለ ጉግሳ ገባ። በዛብሽ የልብሷን አቧራ ልታራግፍ ውጭ ቀረች።

ሙሉነህ በፍሬም ሆኖ ግድግዳው መሐል አለ፤ ሪዙም ፊቱም። ጉግሳ ገና አይቶት ሳይጠግብ፣ ዱባ የሚባል የቦቴ ሾፌር ገባና ባርኔጣውን አንሥቶ ለፎቶው እጅ ነሣ። "አሥር አለቃ፣ እንደምን ዋሉ?" ብሎ ከዚያ ተቀመጠ።

ጉግሳ ዲንኪቱን ወደ ጓዳ ጠራት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ባሌ ነው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ምን ላድርግ? ሻይ የጠጣው ሾፌር ሁሉ ማደርም ይፈልግ ነበር። አንዱ ይሄ ማነው ሲለኝ ባሌ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካኝም። በደባሬ ወተቱን ያቆየ ይጠጣል አይደል፣ ጋሼ? ጠጣሁ።"

ጂሎ ለጉግሳ ይህን ዓይነት ወተት አልነገረውም። ነገሩን ማለስለስ ሲገባው ቸኮለና አፈረጠው።

"ዲንኪቱ፣ ሰውየው እኮ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱ ውጭ ቆማለች።"

የጠበቀው ድንጋጤ ወይም እፍረት ነበር። ዲንኪቱ ግን እጇን ራሷ ላይ ጭና አለቀሰች። የማስመሰል አልነበረም። በየጠዋቱ ናጋ የምትለው፣ ሲመሽ በሩን ቆልፋ የዕለቱን ወሬ የምትነግረው ሰው ነው የሞተባት። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ገባ፤ ምን ሆንሽ ሲሏት፣ "ባሌ ሞተ" አለች። ሌላ ምን ትበል?

ዱብሉቅ ላይ ማንም ብቻውን አያለቅስም። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ አግዳሚ ወንበር ወጣ፣ ሞያሌ የሚወርዱ መኪኖች መንገድ ዳር ቆሙ። ደጅ የቆመችውን በዛብሽን ሴቶቹ ክንዷን ይዘው አስገቡና እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ በሩ አጠገብ አስቀመጧት። ጉግሳ መናገር ፈልጎ ከየት እንደሚጀምር ጠፋበት። ፎቶ ላድን ብሎ የተነሳ ሰው አንድ ሬሳ ለሁለት ሴት አከፋፍሎ ቁጭ አለ።

ሞሉ የምትባል ጎረቤት ወደ በዛብሽ ጠጋ አለች። "አንቺስ እህቴ፣ ታውቂው ነበር?"

በዛብሽ ፍሬሙን አየች፣ የምታለቅሰውን ሴት አየች።

"ልብሱን አጥብለት ነበር" አለች።

"እድለኛ ነሽ" አለች ሞሉ። "እኛ ደርሰን አላየነውም፤ ሁልጊዜ ሌሊት መጥቶ ሌሊት ነው የሚሄደው፣ የሥራ ነገር። ግን እንደሱ ያለ ባል የት ይገኛል? መጠጥ አፉ አይደርስም። እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ሲመጣ ሽቶ ይዞላት ይመጣል።"

"ጨዋ ሰው ነበር" አለ ዱባ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። "መንገድ ላይ ስንቴ አግኝቼው ጭነቴን አግዞኛል።" ውሸቱን ነው፤ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እንዲህ እንዲህ እየተባለ ዋለ። አንዱ ልጅ ይወድ ነበር አለ፣ አንዱ ሲስቅ ድምፁ አይሰማም አለ። ጉግሳ በዛብሽ ተነሥታ እውነቱን ታፈርጠዋለች ብሎ በፍርሃት ያያት ነበር። እሷ ግን እያንዳንዱን ቃል አንገቷን ሰበር አድርጋ አዳመጠች። ቆየት ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችና አለቀሰች፤ ያኔ ነገሌ ላይ ሬሳው ሲመጣ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። ሴቶቹ አንዲት ልብስ አጣቢ እንዲህ ማዘኗ ደንቋቸው ውሃ አጠጧት።

በማግስቱ ጠዋት ጉግሳ ፍሬሙን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ አቁሞ የፎቶውን ፎቶ አነሳ። ሲጨርስ ዲንኪቱ ፍሬሙን በቀሚሷ ጠርጋ ለበዛብሽ ሰጠቻት።

"ያንቺ ነው። ለኔ ጋሼ ሌላ ይልኩልኛል። ይቅር በይኝ።"

በዛብሽ ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፍሬሙን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች።

"መልኩ ይኸው ተገኘ" አለች። "ልጄ ግን መልኩን ካየች በኋላ ምን ዓይነት ሰው ነበር ማለቷ አይቀርም። እኔ ያለኝ የተደፋው ድስት ነው። ያንቺን ንገሪኝ።"

ዲንኪቱ ጉግሳን አየችው፣ መልሳ እሷን አየች። "የኔ እኮ ውሸት ነው፣ እህቴ። ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት።"

"አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።"

ወደ ነገሌ የሚመልሳቸው ሾፌር ጥሩምባ ነፋ። ጉግሳ ወጥቶ ትንሽ እንዲታገሥ ለመነው። ሲመለስ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ ትናገራለች፣ ሌላዋ እንዳይጠፋባት ከሥር ከሥሩ ትደግማለች።

"አይጠጣም ነበር" አለች ዲንኪቱ።

"አይጠጣም ነበር" አለች በዛብሽ።