የስለት ሥዕል

ጎንደር አራዳ ውስጥ ሦስት ሆነን የምንከራያት አንዲት ክፍል አለችን። በሩ ላይ «ጋለሪ» ብለን ጽፈናል፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን «ሥዕል ቤት» ነው የሚላት። ቱሪስት በነበረ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋባትም ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ የሚገባው ፎቶ ኮፒ ቤት የመሰለው ሰው ብቻ ነው። እሱም ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ ያይና «ይቅርታ» ብሎ ይወጣል። ለምን ይቅርታ እንደሚለን አይገባኝም፤ ሁልጊዜ ግን ያናድደኛል።

ከሦስታችን አንዱ ግንቡን በፍየል ቆዳ ላይ እየሣለ ይሸጥ የነበረ፣ አሁን የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ነው። ሁለተኛው አያ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሥዕልን ከአባታቸው ተምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ኖረዋል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሬ የተመለስኩ። ይህን አሁን የምለው ለጉራ አይደለም። ያኔ ግን ለጉራ ነበር፤ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገረው ነበር።

ከአያ ጋር የማያልቅ ጭቅጭቅ ነበረን፤ በዓይን ምክንያት። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ ሰይጣንም ጭምር በጎናቸው ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ የገጠር ሕፃን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው። እኔ ታዲያ «አያ፣ ሰው ዞር ባለ ቁጥር ኃጢአተኛ ሊሆን ነው?» እያልኩ አበሽቃቸው ነበር።

«ሰውማ ይዙር» ይሉኛል ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ። «እኔ የምልሽ ስለ ሥዕል ነው።»

ዓምና ጳጉሜን አስታከው፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ጸበል ሄዱና ወር ከምናምን ቆዩ። ሴትዮዋ የመጣችው በዚያ መካከል ነው። ከኮሶዬ፣ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ፣ በሚኒባስ ተሳፍራ መጥታለች፤ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና «አያ ሠዓሊው አሉ?» አለች።

«የሉም፤ እኔ ግን አለሁ» አልኳት።

ይህችን መልስ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት። «ወር ጠብቂያቸው» ብላት ምን ነበረበት? ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ከገጠር የሚመጣ ሰው ሁሉ እሳቸውን ፈልጎ ነው የሚመጣው። እኔን ብሎ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያ ደግሞ ውስጥ ውስጡን ያንገበግበኝ ነበር።

ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ፎቶ አወጣች። የዘመድ ሠርግ ላይ የተነሣ ነው። ልጇ ሚዜ ሆና ከሙሽራዋ አጠገብ ቆማለች፤ በጎኗ ወደ ሙሽራዋ ዞራ ትስቃለች። ፊቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሌላው ፎቶዋ ሁሉ ስልኳ ውስጥ ነው፤ የስልኩን የይለፍ ቃል ደግሞ ከልጅቷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ታማብኝ ሳለች ለእመቤቴ ተስዬ ነበር» አለችኝ። «ልጄን ማሪልኝና ሥዕልሽን አስገባለሁ፣ እሷንም ከእግርሽ ሥር አሥላታለሁ ብዬ።»

«አልዳነችም?» አልኳት። ጥቁር ልብሷን እያየሁ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል?

«አልዳነችም። ስለቴን ግን አላስቀርም።»

ልጅቷ እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይታ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ታማ ወደ እናቷ ተመለሰች፤ ወራት ተኝታ ሞተች። በሽታው ምን እንደነበር አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። «ሰው ግን ብዙ ብሏል» አለች። «ከተማ ምን ስትሠራ ነበር ብሏል። ለቅሶው ላይ እንኳ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ጥቅምት ላይ ሙት ዓመቷ ነው። የተጠራው ሁሉ ከእመቤቴ እግር ሥር ያያታል። ከዚያ ወዲያ የሚያወራ ያውራ።»

የለመድነው ሥዕል ነው። ስለት ያለበት ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ፣ እጁን ዘርግቶ ይሣላል። አያ በሕይወታቸው መቶ ጊዜ ሳይሥሉት አልቀሩም።

እመቤታችንን ከአያ የቆየ ንድፍ ላይ ገልብጬ ቶሎ ጨረስኳት። የእኔ ልብ ያለው ግርጌው ላይ ነበር። ያቺን የጥፍር ያህል ፊት በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ግንባሯን፣ ከጆሮዋ ኋላ ያመለጠችውን የሹሩባዋን ጫፍ፣ ሳቋን ለማፈን የነከሰችውን ከንፈር አወጣሁት። በፎቶው እንዳለች፣ በጎኗ። ስጨርስ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ፊት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የሚያውቋት ሰዎች ቢያዩዋት «ምነው አትናገሪም?» ይሏት ነበር።

አያ የተመለሱት ለሙት ዓመቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እናቲቱ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ሙገሳ ነበር የምጠብቀው።

«ልጂቱ ምን በደለች?» አሉኝ።

ገባኝ፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ። «ፎቶዋ ይኸው ነው» ብዬ ፊታቸው ላይ ዘረጋሁት። «ያላየሁትን ፊት ከየት ላምጣ?»

«መልኳንስ አግኝተሻታል። እኔም እንዲህ አላገኛት። ግን ቤተ ክርስቲያን ነው የምትገባው፤ ስለ ልጂቱም ሰው አምቷል አልሽኝ። ገና ሁለት ቀን አለሽ፤ አዙሪያት።»

«አያ፣ ዘመኑ ተለውጧል» አልኳቸው። ድምፄንም ከፍ አድርጌ ነበር።

ኮሶዬ ያን ቀን ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ተቀምጧል። ሥዕሉን ዳሱ መካከል ምሰሶ ላይ አስደግፌ ጨርቁን ገለጥኩት። እናቲቱ አንድ ጊዜ አየችና በጉልበቷ ወደቀች። «እሷ ናት! እሷው ናት! ልጄ!» እያለች በሁለት እጇ የሥዕሉን ፊት ያዘችው፤ ግንባሯን ሳመችው። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ኩራት ነው። ሰው እያለቀሰ እኔ አያን አሸነፍኳቸው እያልኩ ነበር።

ልቅሶው ጋብ ሲል ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ምነው አንድ ዓይን?» ስትል ሰማሁ። ያቺኛዋ አንገቷን ነቀነቀች። ነገሩ ዳሱን ዞረ። ጮክ ያለ ሰው የለም። የሰው ፊት ሲለወጥ ግን ይታያል። የእናቲቱ የነፍስ አባት ተነሥተው መጡና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ሥዕሉ ሸጋ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ግን ከእመቤታችን ጋር አንሰቅለውም፣ ልጄ» አሉኝ፤ እናቲቱ እንዳትሰማና እንዳታፍር ተጠንቅቀው ነው የተናገሩት። እሷ ግን ሰማች። ሥዕሉን እንደገና አየችው፤ አሁን ሰው በሚያየው ዓይን።

«እንዲህ ብለው ነው የሚያስቧት?» አለችኝ። «አንቺም አምነሽ ነው?»

«አላመንኩም! እኔ እንዲህ ማለቴ አይደለም» አልኩ። ነጠላዋን አውልቃ የልጇን ፊት ሸፈነችው። ልጅቷ ከሞተች ወዲህ በሹክሹክታ ሲወራ የቆየውን፣ እኔ በቀለም ጽፌ፣ ሰው ሰብስቤ፣ ዳስ መካከል አቆምኩት።

ሥዕሉን ይዤ ወደ ጎንደር ተመለስኩ፤ ከሳምንት በኋላ እንደገና ወደ ኮሶዬ ሄድኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ደግሞም ያላየሁትን የልጅቷን ሌላውን ወገን እናቷ እንድትነግረኝ። ትወቅሰኛለች ብዬ ነበር። አልወቀሰችኝም። መደብ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝና በጣቷ የራሷን ፊት እየነካች ነገረችኝ። ቅንድቧ እስከ የት እንደሚደርስ፣ ጉንጯ በዚህኛው ወገን እንደሚሞላ።

«ደግሞ እዚህ ጋ ጠባሳ ነበራት» አለች፤ ከዓይኗ ሥር እያሳየች። «ድክ ድክ ስትል ምድጃ ላይ ወድቃ። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ካደገች ወዲህ ፎቶ ሲያነሷት ያን ወገን አታሳይም ነበር። ሁልጊዜ ዞር ትላለች።»

እኔ እንደ ትልቅ ጥበብ የሣልኩት ዞር ማለት፣ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የተደበቀችበት ነው።

«ጠባሳውን ልተወው?»

«ሣዪው እንጂ፣ እታለም! ያለሱማ የማን ልጅ ትሆናለች?»

ሥዕል ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ግርጌው ላይ ያለውን ፊት ነጭ ቀለም አለበስኩት፤ ግንባሯን፣ ሹሩባዋን፣ የነከሰችውን ከንፈር። ማንም አላዘዘኝም። አያ ገብተው አገኙኝና «ምነው ሌላ ሸራ አልወጠርሽም?» አሉኝ። «ይህችን ዓይን ሁለተኛ ማየት አልፈልግም» አልኳቸው። ከዘራቸውን አስደግፈው ተቀመጡና እስክጨርስ አጠገቤ ቆዩ። ሁለቱን ዓይኖች እንዴት እንደማሰልፍ እሳቸው ናቸው ያሳዩኝ፤ ተለቅ ያሉ፣ ወደ ላይ ቀና ያሉ፣ እንደ አባታቸው አሣሣል። ጠባሳውንም አደረግኩባት። አንዲት ሸጋ የስለት ልጅ ወጣች። ከሌሎቹ የስለት ልጆች የሚለያት ጠባሳዋ ብቻ ነበር።

ለኅዳር ጽዮን ወሰድኩት፤ ፎቶውንም ለእናቲቱ መለስኩላት። ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ነበር። ሥዕሉ ተባርኮ ሴቶች በሚቆሙበት በኩል ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ እልልታው ቀለጠ። ያቺ «ምነው አንድ ዓይን?» ያለችው ሴት ሳትቀር እጇን ዘርግታ ተሳለመችው። የተንሾካሾከ ሰው የለም። እናቲቱ ቆማ አየችው። «ሸጋ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ግንባሯን አልሳመችም። በጉልበቷም አልወደቀች።

ተገላገልኩ ብዬ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ ተከትላኝ መጣች። የሚሰማን ሰው እንዳለ ግራና ቀኝ አየች።

«እታለም፣ ያችኛዋን መቼ መጥቼ ልውሰዳት?»

«የትኛዋን?»

«ያችን የመጀመሪያዋን። ለቤተ ክርስቲያን እንደማትሆን ገብቶኛል። እኔ ጓዳዬ ነው የማስቀምጣት፤ ለሰው አላሳያትም። ይቺኛዋ የእመቤቴ ናት። ያቺ ግን እሷው ራሷ ነበረች።»

እጄን ቢቆርጡኝ ይሻለኝ ነበር። «የለችም» አልኳት። «ከሥር ናት። በላይዋ ነው የሣልኩት።»

«ተመልሳ አትወጣም?»

«አትወጣም።»

የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ፎቶዋን አውጥታ ያቺን የጥፍር ያህል ፊት ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየች፤ ከዚያ መልሳ ቋጠረቻት። ሚኒባሱ መጣ። ቦርሳዬን ተቀብላ አሳፈረችኝ፣ «በደህና ግቢ» አለችኝ፤ በሩንም ራሷ ዘጋችልኝ።