ያጠመድኩት መረብ

እኔ ቁጡ ሴት ነኝ። ይህን መካነ ሰላም ከተማ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቢሮ ውስጥ ማኅተም ሲጠፋ እንኳ መጀመሪያ የሚሸሹት ከእኔ ነው። ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩትም ንዴቴን ያበርድልኛል ብዬ ነው። እህቴ ሐይቅ ከተማ ተድራ ስለምትኖር የዓመት ፈቃዴን እሷ ዘንድ እጨርሰዋለሁ። መንጠቆዬን ከተማው አጠገብ ያለው ሐይቅ ውስጥ እጥልና ዳንቴሌን እየሠራሁ ዳር ላይ እውላለሁ። ከወግዲ የመጣ የቢሮ ባልደረባዬ፣ «እኛ አገር ዓሣ የሚመጣው በጾም፣ ያውም በአይሱዙ ነው፤ አንቺን ምን አንከራተተሽ?» እያለ ይስቅብኛል።

መረብ የሚጥሉትን ሰዎች ግን ዓይናቸውን ማየት አልወድም ነበር። ዳር የምንቀመጥ መንጠቆኞች ወሬያችን አንድ ነው፤ ሐይቁን የጨረሱት እነሱ ናቸው፣ የዓሣ ጫጩት ሳይቀር ጠርገው ያወጣሉ እንላለን። እነሱ ደግሞ እኛን «ሥራ ፈቶች» ይሉናል። እኔም ዝም ብዬ አላልፍም፣ የአፌን እሰጣቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ሰኞ ዐቢይ ጾም ሊገባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መንጠቆዬ አንድ ነገር ያዘ። ብስበው ብስበው ንቅንቅ የለም። «አምባዛ ነው! የሰው ቁመት ያለው አምባዛ!» ብዬ ጮህኩ። ከደሴ ለመዝናናት የመጡ ሦስት ጎረምሶች ውድ ውድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ጥለው ሮጡልኝ። «ይበርቱ እትዬ! እንዳይለቁት!» እያሉ አብረውኝ ሳቡ። ውኃው ውስጥ አንድ ነገር ትርትር ሲል፣ አራታችንም በጀርባችን ተዘረርን። ተከትሎን የወጣው መረብ ነበር፤ መሐሉ ተቀዶ በሬ ያሳልፋል።

ሦስቱም ጎረምሶች በአንድ ጊዜ ስልክ ተደወለላቸውና ሄዱ።

የመረቡ ባለቤት ጀልባቸውን እየቀዘፉ መጡ፤ ጢማቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሙስሊም ሰው ናቸው። ይሰድቡኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አሸዋው ላይ ቁጭ አሉ።

«እቱ፣ ቅበላውን ሙሉ ዓሣ የሚጠይቅ አልነበረም» አሉ። «ነገ ጠዋት ነጋዴዎች ለእናንተ ጾም ሊገዙ ይመጣሉ። ሰኞ ልጄን ወደ ዩኒቨርሲቲ የምሸኛት ዛሬ ሌሊት በሚያዘው ነው። ያለኝ መረብ ይኸው ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

«ጋሼ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ እሠራዋለሁ» አልኳቸው።

«በምን?»

ዳንቴል የምሠራበትን ኪሮሼን አሳየኋቸው። ያን ጊዜ የሳቁት ሳቅ! «ወላሂ፣ መረቤ የሶፋ ልብስ ሊሆን ነው!»

ናይሎን ክር ሰጡኝ። እሳቸው ከወዲያኛው ጫፍ በእንጨት መርፌያቸው፣ እኔ ከወዲህኛው በኪሮሼ ተያያዝነው። ስለ ልጃቸው ጉብዝና ያወሩልኛል፣ እኔ ዳንቴሌን የመካነ ሰላም ሴት ሁሉ እንደሚመኘው ጉራዬን እነዛለሁ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጨረስኩና «ይኸው፣ ከፊተኛው ይበልጣል!» አልኩ።

መጥተው ጣታቸውን በቀዳዳው ሞከሩት። አንዲት ጣት ብቻ ገባች። በቀረው መረብ ሦስት ጣት ይገባል። ለካ እጄ የለመደውን ነው የሠራው፤ ድቅቅ ያለ፣ የሚያምር ዳንቴል።

«ፍቺው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ! መሸ እኮ! ለአንድ ሌሊት ምን አለበት? ልጅዎን ያስቡ እንጂ!»

«እሷን አስቤ ነው። ይቺ ቀዳዳ ጫጩቱን ትይዛለች። ጫጩቱን ዛሬ ካወጣሁት ለከርሞ ልጄን በምን እሸኛታለሁ? ፍቺው።»

ስንት ዓመት ስለ ጫጩት ስጮህ የኖርኩ ሴትዮ፣ ወጥመዱን በገዛ እጄ ሠርቼ ተከራከርኩለት! ፊቴ በርበሬ መሰለ። ፈታሁት። እንደገና ለመሥራት ግን ብርሃኑ አልበቃም። እሳቸውም መረቡን በእኔ በኩል እንደተቀደደ ጀልባው ላይ ጫኑት።

«ግማሹ ያመልጥዎታል እኮ» አልኳቸው።

«አብሽሪ፣ እቱ» አሉ መቅዘፊያቸውን እያነሡ። «የሚያመልጠው ለአንቺ መንጠቆ ነው።»