ያልመጣው ፈረሰኛ

እንጅባራ ሆስፒታል ነርስ ሳለሁ ከተመላላሽ ታካሚዎች ወደ ዓይን ክፍል የተዛወርሁ ዕለት፣ ሐኪማችን መጀመሪያ ያስቀመጡኝ ከታካሚው ወንበር ነው። አገጬን አስደግፌ፣ አንድ ዓይኔን ተሸፍኜ፣ መካከል ያለችውን ነጥብ ብቻ እያየሁ፣ ከዳር ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ እንድጫን አዘዙኝ። ስጨርስ አንገቴ ደንዝዟል።

"እንግዲህ ሰው ሲደክመው ያውቁለታል" አሉኝ።

የጎን እይታ መመርመሪያው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን የትምህርት ቤት ፈተና ይመስለዋል። እንዳይወድቅ ሲል ዓይኑን ያንከራትታል፤ ሳያይም ይጫናል።

አያ ተገኘ ከአዲስ ቅዳም አካባቢ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ በግልቢያ የታወቁ። የመጡት ለመነጽር ነበር። የዓይን ግፊታቸው ከፍ ስላለ ሐኪሙ የዓይናቸውን ነርቭ ፎቶ አስነሡ። የግራው ነርቭ መካከሉ ጎድጉዷል። የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚያጠፋውን ግላኮማ ጠርጥረው ወደ እኔ ላኳቸው።

አያ ተገኘ ብርሃን ሳይበራም ቁልፉን ይጫኑታል። እንዲህ ያለ ውጤት አይታመንም፤ አቆምሁት።

"ያላዩትንም እየተጫኑ ነው" አልኋቸው።

"ታዲያ ልውደቅ ነው የሚሉኝ፣ እትዬ?"

አብራ የመጣችው ልጃቸው ሳቀች። "አባየ፣ በዚህ ዕድሜህ ኩረጃ ጀመርህ?"

"ሽምጥ ሲጋልቡ ከጎን የሚመጣውን ፈረሰኛ እንዴት ያውቁታል?" ስል ጠየቅኋቸው።

"ሳልዞር አየዋለኋ!"

"ይኼም እንደዚያ ነው። ከመጣ ይጫኑ፤ ካልመጣ ይተዉት።"

እንደገና ጀመርን። ቀኝ ዓይናቸው ደህና ሄደ። በግራው ጊዜ እጃቸው ብዙ ዝም አለ። ሲጨርሱ ቀና አላሉም።

"በአፍንጫዬ በኩል ማንም አልመጣም" አሉ ቀስ ብለው።

ከመሣሪያው የወጣው ወረቀትም ያንኑ አሳየ፤ በዚያ በኩል ጠቁሯል። ሁለቱን ዓይን ገልጠው ሲሄዱ ቀኙ በዚያ በኩል ያይለት ስለነበር አላወቁትም።

ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ነገሯቸው።

"ከፈረስ ልወርድ ነው?"

"አሁን አይደለም። ጠብታውን ካቋረጡ ግን እንጃ።"

በቀጠሯቸው ሁሉ መጡ። ጥቁሩ አልሰፋም። አንድ ቀን ታናሽ ወንድማቸውን እያዋከቡ አስገቡት።

"ምኔንም አያመኝም ይላል፤ እኔስ መች አመመኝ? ይመርመርልኝ።"

የወንድምየው ነርቭ ፎቶው ላይ መሳሳት ጀምሯል፤ የጎን እይታው ግን ሙሉ ነበር። አንዳችም እይታ ሳያጣ ጠብታ ጀመረ።

ዛሬ ከመሣሪያው ኋላ ለምትቀመጡ፦ ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው መርምሩ፤ ታካሚው ሥራውን እስኪረዳ ድረስ ቁልፉን አታስይዙት፤ በሽታው በዘር ስለሚሄድም የበሽተኛውን ወንድምና እኅት አስጠሩ።