ጋሼ ዲንቃና ሁለተኛው በከካ

እኔ የጎሬ ልጅ ነኝ። ጎሬ ኮረብታ ላይ ስለተቀመጠች ይሁን ሌላ ምክንያት ይኑረው አላውቅም፣ እኛ ልጆቿ መቱን የምናያት ቁልቁል ነው። ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. መቱ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስመደብ እናቴ እልል ስትል እኔ እንደ ተጋዘ ሰው አኩርፌ ሄድኩ። እዚያ ደርሼ ደግሞ ሌላ የሚያስኮርፍ ነገር አገኘሁ፤ የችሎቱን አስተርጓሚ ጋሼ ዲንቃን።

ጋሼ ዲንቃ ረጅም፣ ከሲታ፣ ከጣሊያን መውጣት ወዲህ የተለወጠ የማይመስል ካፖርት የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ገበሬው በኦሮምኛ ሲናገር ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው በአማርኛ ሲናገሩ ለገበሬው በኦሮምኛ ያደርሳሉ። ሥራ ሲጀምሩ "ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳልቀንስ" ብለው ምለዋል። እንዲህ ብሎ የማይምል አስተርጓሚ የለም። የእሳቸው ጣጣ ግን የማሉትን ከልባቸው ማለታቸው ነው። አንድ ቀን ምስክሩ በንግግሩ መሃል ሲያስነጥስ "አስነጠሰ" ብለው አስመዘገቡኝ። ብዕሬን ልወረውር ምንም አልቀረኝም።

ቤታቸውም ያው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዲሪቤ "ወጡ እንዴት ነው?" ብለው ሲጠይቋቸው፣ "ለእኔ አፍ ጨው በዝቶበታል፤ ለሌላው ሰው አላውቅም" ይላሉ። አንድ የታወቀ ቆጥቋጣ ሞቶ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ "እጀ ሰፊ ነበር፣ የድኻ አባት ነበር" ሲል እሳቸው "ጎረቤቴ ነበር፤ አዝኛለሁ" ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ ታዘቧቸው። እኔም ያን ጊዜ ደረቅ ሰው ናቸው ብዬ ነበር። ደግሞስ ደረቅ አይደሉም ማን አለ?

ቀስ በቀስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ጋሼ ዲንቃ ወባ ይዟቸው የቀሩ ቀን፣ ከያዮ ጫካ ሁለት ቀን በእግሩ የመጣ ገበሬ እንኳ "ቀጠሮ ይለወጥልኝ" ይላል። ምክንያቱን ስጠይቅ ሰዎቹ እንደ ሞኝ አዩኝ። አማርኛ ለማያውቅ ሰው መሬቱም፣ ከብቱም፣ ስሙም ያለው በአስተርጓሚው አፍ ውስጥ ነው። በሬ በቀንዱ ሰው በቃሉ ይታሰራል ይባላል፤ እነሱ ደግሞ በሌላ ሰው ቃል ነበር የሚታሰሩት።

ያን ጊዜ መቱ ውስጥ ታጁዲን የሚባል የቡና ነጋዴ ነበር። ልጅ ሳለ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ያስተማሩት ጋሼ ዲንቃ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ታላቅ ወንድሙ ያያቸዋል። ይህ ታጁዲን ለቡና ሥራ ጅማ ሄዶ ሲኒማ አየና ልቡ እዚያው ቀረ። በዓመቱ፣ በ1956 ጥር ላይ፣ የሲኒማ ማሽን ከነጄኔሬተሩ ተከራይቶ መጣ። መጋዘኑን አጸዳ፤ በቀን ብርሃን እንዲታይ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ ወተፈ፤ ከግድግዳው ላይ አቡጀዲ ወጠረ። ፊልሙ የሩቅ አገር ነው፤ ቋንቋውን መቱ ውስጥ የሚያውቅ የለም። "ጋሼ፣ እርስዎ ያስረዱልን" ብሎ ለመናቸው።

አስረዱ። ግን እንዴት አድርገው! "ተናደደ። ለምን እንደ ተናደደ አላወቅሁም።" "ታጁዲን ከጅማ ሰማሁ እንዳለው፣ ይህ ሰው ሌባ ነው፤ እኔ ሲሰርቅ አላየሁም።" ሁሉንም በሁለቱም ቋንቋ፣ እንደ ችሎት። ሕዝቡ በሳቅ ሞተ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቀን ቀን ጸሐፊ ሆኖ የሚውል ምስኪን ሰው አለ (ጸሐፊ መሆኑን ሳይ ወደድኩት)። ግፍ ሲሰማ ፊቱን ይሸፍናል፣ ጥቁር ካባ ይለብሳል፣ ይበራል። ጥይት አይበሳውም። ሕዝቡ በከካ አለው፤ በኦሮምኛ መብረቅ ማለት ነው። ፊልሙ የድኻ ፊልም ነበር። ተራራው ጨርቅ ነው፤ ሰው ሲደገፈው ግድግዳው ይወዛወዛል። በከካ ሲበር ጋሼ ዲንቃ "ወገቡ ላይ ገመድ ይታየኛል" አሉ። "ገመዱን ተዉት!" ብሎ መጋዘኑ ሙሉ ጮኸባቸው። በመጨረሻ በከካ በእናቱ ፊት ጭምብሉን አወለቀና ፈገግ አለ። ፍንጭት ነበር። ያን ዓመት በመቱና በጎሬ የሴቱ ወሬ የበከካ ፍንጭት ሆኖ ከረመ።

በዓመቱ የፊልሙ ተከታይ ጅማ መግባቱ ተሰማ። ታጁዲን ፍለጋ ሄደ። ዝናብ ያለ ወሩ ዘንቦ መንገዱ ተበላሽቶ ነበርና ማሽኑን በበቅሎ ጭኖ በስድስተኛው ቀን ጭቃ ለብሶ ገባ። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በከካ ይመለሳል" ብሎ አስነገረ። ከጎሬም፣ ከያዮም ሰው በእግሩ መጣ።

በዚያው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ፣ ችሎታችን አንድ ከባድ ጉዳይ ሊሰማ ነበር። ኦቦ ጅራታ የሚባሉ የሶር ወንዝ ዳር ሽማግሌ አባታቸው ያቀናውን የቡና መሬት አንድ ባለርስት ይዞባቸዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት በሌላ ቦታ ተካሰው፣ "የአባቴ መሬት ነው" ያሉትን አስተርጓሚው "አባቴ ጭሰኛ ሆኖ የኖረበት ነው" ብሎ አዞረባቸውና ግማሹን አጥተዋል። እሳቸው ይህን ያወቁት ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ነው። አሁን የቀረው ግማሽ ነበር የሚሰማው። አማርኛ አያውቁም፤ አስተርጓሚ የሚባል ፍጥረትም አያምኑም። ባለጉዳይ አስተርጓሚውን አልቀበልም ማለት ይችላል። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በችሎት ፊት አልቀበልም ካሉ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ጋሼ ዲንቃን የሚያምን ገበሬ አይኖርም።

እሑድ ጠዋት ጋሼ ዲንቃ ቤት ማር እየበላሁ ሳለ ታጁዲን እያለከለከ ገባ።

"ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ!"

"ምን ሆንክ?"

"አሁን ብቻዬን ፊልሙን ሞክሬ አየሁት። በከካ ሌላ ሰው ነው! ፍንጭት የለውም። ፊቱ ድፎ ዳቦ ያህላል።"

"የፊተኛው የት ሄደ?"

"እኔ ምን አውቄ! ጅማ አንዱ ታሞ ነው ይላል፤ አንዱ ከፊልም ሠሪዎቹ ተጣልቶ ነው ይላል። ሕዝቡ አታለለን ብሎ መጋዘኑን ያፈርስብኛል። እርስዎ ብቻ፣ ጥርሱን አስሞልቶ ነው፣ ወፍሮም ነው ይበሉልኝ። አንድ ቃል ነው ጋሼ። እርስዎ ካሉ ሰው ያምናል።"

"የሚያምነኝ እንዲህ ያለውን ስለማልል ነው።"

"ሲኒማ እኮ ነው! ችሎት አይደለም!"

"አፌ ግን አንድ ነው" አሉ ጋሼ ዲንቃ።

ታጁዲን በሩን ገፍቶ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ለታጁዲን ነበር ያዘንኩት። ስድስት ቀን በጭቃ ለመጣ ወንድም አንዲት ጥርስ ቢያስሞሉለት ምን አለበት? ይህንኑ ብላቸው፣ "ማርህን ብላ" አሉኝ።

መጋዘኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ከፊት፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ኦቦ ጅራታ ተቀምጠዋል። ለነገው ቀጠሮ አንድ ቀን ቀድመው ገብተው ነው። ፊልሙ ተጀመረ። በከካ ፊቱን ሸፍኖ ሲመጣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ተጣላ፣ በረረ፣ ቆሰለ። ተንገዳግዶ እናቱ ዘንድ ደረሰ። እናቱ ጭምብሉን አወለቀችለት።

 ከዚያ አንዱ "ኩን ኢሳ ሚቲ!" ሲል ጮኸ፤ ይኸ እሱ አይደለም ማለቱ ነው። "አታለሉን!" "በከካን የት አደረሳችሁት?" ኦቦ ጅራታ ዱላቸውን ተመርኩዘው ብድግ ሲሉ ጩኸቱ ጋብ አለ። በኦሮምኛ ጠየቁ።

"ኦቦ ዲንቃ፣ ይኸ ሰው ያ ሰው ነው?"

ታጁዲን ከማሽኑ አጠገብ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በዓይኑ ጋሼ ዲንቃን ይለምናል። ጋሼ ዲንቃ አዩት። አቡጀዲውንም አዩ።

"አይደለም" አሉ። "የፊተኛው ሰው አይደለም። የት እንደ ሄደም አላውቅም።" ይህንኑ በአማርኛ ደገሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀውጢ አልናገርም። አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ፤ አንዱ አቡጀዲውን ሊቦጭቅ ተንደረደረ። ታጁዲን ጭንቅላቱን ይዞ ቁጭ አለ። ማሽኑ ግን መዞሩን አልተወም፤ ጋሼ ዲንቃም ሥራቸውን አልተዉም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ ቀጠሉ።

"እናቲቱ ያችው የአምናዋ ናት። ይህን አረጋግጣለሁ። ቁስሉን እያጠበችለት ነው። እያለቀሰች ነው። አሁን ግንባሩን ሳመችው። ካባውን መልሳ አለበሰችው።"

በገበያ ቅቤ የሚሸጡ እትዬ ሽብሬ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ወልደው አያውቁም፤ አንድ ልጅ በጉዲፈቻ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ አድርሰዋል። እሳቸው ከሴቶቹ መሃል ተነሡ።

"እናቲቱ ልጄ ካለችው እናንተ ምን ቤት ናችሁ?" አሉ። "ጉዲፈቻዋ ነው! የእኔን ልጅ ማን ወለደው ብሎ የጠየቀኝ ወንድ ከመካከላችሁ አለ? ካባውን አልብሳው የለም እንዴ? በሉ ቁጭ በሉ!"

በእኛ አገር የጉዲፈቻ ልጅን ከተወለደው የሚለይ ሰው ነውረኛ ነው። አቡጀዲውን ሊቦጭቅ የነበረው ሰው አፍሮ ተመለሰ። አንድ በአንድ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ያን ድፎ ዳቦ የመሰለ ሰውዬ እንዴት አድርገው ወደዱት! ሲሮጥ ይደናቀፋል፤ ሲበር እግሩን የሚያደርግበት ጠፍቶታል። "ገመዱ ከአምናው ይወፍራል" አሉ ጋሼ ዲንቃ፤ በዚህ እንኳ የሚቆጣ አልነበረም። "አይዞህ ጉዲፈቻው!" እያሉ ፊልሙን ጨረሱለት።

ኦቦ ጅራታ ብቻ ፊልሙን አላዩም። ጎናቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያዩት ጋሼ ዲንቃን ነበር።

ታጁዲን በሩ ላይ ሳይሰናበታቸው ቀረ። "ሽብሬ ባትኖር አፍርሰውኝ ነበር" አለኝ ለእኔ፣ እሳቸው እየሰሙ። እውነቱን ነው፤ ባይኖሩ ያፈርሱት ነበር። ጋሼ ዲንቃም ይህን ያውቃሉ። 

ሰኞ ጠዋት ችሎቱ ጢም አለ። ባለርስቱ በአንድ ወገን፣ ኦቦ ጅራታ በሌላው ቆመዋል። ዳኛው እንደ ደንቡ ጠየቁ።

"አቶ ጅራታ፣ አስተርጓሚው አቶ ዲንቃ ናቸው። ይቀበሏቸዋል?"

ጋሼ ዲንቃ ጥያቄውን በኦሮምኛ አደረሱ። ኦቦ ጅራታ ዱላቸውን አስተካክለው ረጅም ንግግር ተናገሩ። የእናቴ ቋንቋ ነውና ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ ጋሼ ዲንቃ ወደ ዳኛው ዞረው፦

"'እቀበላለሁ' ይላሉ።"

ብዕሬ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስነጠስ ያልቀነሱት ሰው!

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ይኸን ሁሉ ተናግረው 'እቀበላለሁ' ብቻ ነው ያሉት?"

"ሌላም ብለዋል፣ ጌታዬ።"

"ታዲያ?"

"ስለ እኔ ስለሆነ ነው።"

"መሐላው ስለ እርስዎ የተባለውን ይተዉ ይላል?"

ጋሼ ዲንቃ መሬት መሬት አዩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚባለውን አይሰማም። እሳቸው ግን ሰምተው፣ ደግሞ በገዛ አፋቸው ሊናገሩት ነው። በመስኮቱ በኩል ታጁዲን ቆሞ አየሁት። ለምን እንደ መጣ ኋላም አልነገረኝም።

"አይልም፣ ጌታዬ" አሉና የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። "እንዲህ ይላሉ፦ 'ትናንት ሲኒማ የገባሁት ሲኒማ ለማየት አይደለም፤ ይህን ሰው ለማየት ነው። ወዳጁ ዓይን ዓይኑን እያየው፣ ሕዝቡ አዎ በለን እያለው፣ አይደለም አለ። ለማያውቀው የባዕድ አገር ሰው ፊት ያልዋሸ፣ በእኔ መሬት አይዋሽም። መሬቴን የማጣ ከሆነም፣ በዚህ...'"

ቆሙ። 

"'... በዚህ ሰው አፍ ልጣው።' ጨርሻለሁ፣ ጌታዬ። አሁን አልቀነስኩም።"

"ይመዝገብ" አሉ ዳኛው።

ነገሩ ስምንት ወር ፈጅቶ መሬቱ ለኦቦ ጅራታ ጸና። ታጁዲን ደግሞ በዚያው ሰኞ ከበሩ ጠብቆ ጋሼ ዲንቃን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቤት ሲወስዳቸው አይቻለሁ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ኋላ ነው። ያን ሰዓት እኔ የተባለውን ቃል በቃል ጻፍኩ። ከዚያ ቀና ብዬ አየኋቸውና ማንም ሳያዘኝ አንድ መስመር ጨመርኩበት፦ "አስተርጓሚው ይህን ሲናገሩ አለቀሱ።"