የመሪጌታ ምስጋኑ ርክርክ እና የሳሊሕ ዳክ

የላሊበላ ሰው መሪጌታ ምስጋኑን የሚያውቀው በአንዲት ርክርክ ነው። ሌላው ሰው በቁመቱ፣ በአባቱ ስም ወይም በሚስቱ ቁጣ ይታወቃል። ምስጋኑ ግን በጽጌ ማኅሌት፣ አንዲት ዜማ ልታልቅ ስትል፣ ጉሮሮውን እንደ ንብ ቀፎ አስተምሞ በሚለቃት ርክርክ ነው የሚታወቀው። ርክርክ በዜማ ቤት ድምፅህን አንቀጥቅጥ የሚል ምልክት ነው፤ ቁርጥ ደግሞ አቁም የሚል። የምስጋኑ ርክርክ፣ ወዳጆቹ እንደሚሉት፣ ከላሊበላ ርቃ ያለችው ብልባላ ላይ ጭነት የያዘች አህያ ታስቆማለች። ጠላቶቹም ይህንኑ ይላሉ፤ የሚለያዩት አህያዋ ለምን እንደቆመች ሲያስረዱ ብቻ ነው።

ርክርኳ ከመጽሐፍ አልመጣችም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዜማ ያስተምሩ የነበሩት የኔታ አረጋ ከመደባቸው መነሣት ሲያቅታቸው፣ ምስጋኑና አብሮ አደጉ የኔሰው ሄደው ድምፃቸውን በስልክ ቀዱ። ምስጋኑ ስልኩን መጽሐፍ የሚዘረጋበት አትሮንስ ላይ አጋደመው። የኔሰው ከጎኑ እንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ዘጠኝ ደቂቃ አዜሙ፤ በዚያው ወርም አረፉ።

ምስጋኑ ቅጂውን ሲያዳምጠው፣ ሌሎች መምህራን ሁሉ ቁርጥ አድርገው በሚያቆሙበት ቦታ ላይ፣ ከየኔታ ድምፅ ሥር «ርርርርር» የሚል ነገር ሰማ። እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ለማንም ያላሳዩትን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ!» አለ። ሁለት ወር ሙሉ ጉሮሮውን በማር እያለሰለሰ ተለማመዳት። ከዚያም ለአርባ ተማሪ አስተማራት።

መምህር በእውቀቱ ብቻ እንቢ አለ። «አሥራ አንድ ዓመት እግራቸው ሥር ተቀምጫለሁ። የኔታ እዚያ ላይ ይቆርጣሉ!» ይላል በየዓመቱ። በየዓመቱም የኔሰው ደረቱን እየመታ ይመሰክራል። የኔሰው ሥራው አስጎብኚነት ነው፤ ማኅሌትም ይቆማል። የአስጎብኚ ምስክርነት ደግሞ ከዓመት ዓመት ያድጋል። በመጀመሪያው ዓመት «ርክርኳ ስትወጣ ጥርሴ ነዝሯል» ነበር ያለው። በሦስተኛው ዓመት የጎጆው ሣር ተንቀጠቀጠ። በአምስተኛው ደጅ የነበረው ውሻ ተንበረከከ።

ዘንድሮ በእውቀቱ ጭቅጭቁ ሰለቸው። ምስጋኑን ከቅዳሴ በኋላ አስቆመውና፣ «ስማ ምስጋኑ፣ ቅጂው አንተ ዘንድ ነው። ደህና አድርገህ ስማውና ራስህ ፍረድ። አለች ካልከኝ፣ በየኔታ ነፍስ፣ ከእሑድ ጀምሮ እኔም አንቀጠቅጣለሁ» አለው።

ምስጋኑ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ደህና አድርጎ መስማት ማለት ቀላል አልነበረም። አንድ ጎብኚ ትቶለት የሄደ ትልቅ ሄድፎን አለው፤ ጆሮን ብቻ ሳይሆን ግማሽ ጉንጭ የሚውጥ። አዲሱ ስልኩ ግን የሄድፎን ቀዳዳ የለውም። መሐል የምትገባው ርካሽ ማገናኛ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ታንሿሿለች።

ስለዚህ የስልክ ዕቃ ሻጩ ሳሊሕ ዘንድ ሄደ። ሳሊሕ ከመስታወቱ ሥር የክብሪት ቀፎ የምታህል ብረት አወጣ።

«ዳክ ይባላል፣ መሪጌታ። ስልክዎ ውስጥ ያለው ድምፅ ቁጥር ነው። ቁጥሩን መልሶ ድምፅ የሚያደርገው ዕቃ ስልኩ ውስጥም፣ ያቺ ማገናኛዎ ውስጥም አለ፤ ግን እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ተጨናንቆ ነው የሚሠራው። ይሄ የራሱ ቤት አለው።»

«የየኔታን ድምፅ ያጠራልኛል?»

«ወላሂ አልዋሽዎትም፤ ያልተቀዳውን አይጨምርም። ለዘፈን ብቻ ቢሆን ይቅርብዎ እል ነበር። የተቀዳውን ግን አንዱንም አይደብቅም። አብሽር!»

ዋጋው የአንድ ሙክት ነበር። ምስጋኑ ላስብበት ብሎ ወጣና የኔሰውን አማከረው። የኔሰው ዳክ የሚለውን ቃል ሲሰማ እባብ እንደረገጠ ዘለለ።

«ዳክ? ኧረ ተው ምስጌ! ጆሮ ያደነቁራል ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሐኪሞች! በዚያ ላይ የእኔ ምስክርነት አነሰህ? እኔ አለሁልህ አይደል? በዚያ ገንዘብ ጫማ ግዛ። እንዲያውም ጫማውን እኔ እገዛልሃለሁ።»

የኔሰው በዕድሜው ለማንም ሻይ እንኳ ገዝቶ አያውቅም። ምስጋኑ ግን ልቡ ተነካ። «ለኪሴ እንዲህ የሚጨነቅልኝ ወንድም አለኝ» ብሎ እያመሰገነ ሄዶ ዳኩን ገዛ።

እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሰማ። የኔታ መጡ። ትንፋሻቸው፣ የምላሳቸው እርጥበት፣ መቁጠሪያቸው ሁሉ መጣ። ምስጋኑ ሳያውቀው ነጠላውን አስተካከለ። ዘጠነኛዋ ደቂቃ ላይ ያቺ ቦታ ደረሰች። የኔታ ቁርጥ አደረጉ፤ በምላጭ እንደተቀነጠሰ ክር። ርርርርሩ ግን ቀጠለ። ከጉሮሮ አልነበረም፤ ከእንጨት ነበር፤ አግዳሚ ላይ እንደሚነዝር ስልክ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከዚያ እጅ አንድ ነገር አፈፍ ሲያደርግ፣ ከዚያም ዝቅ ያለ፣ የታፈነ ሳቅ ያለበት የየኔሰው ሹክሹክታ፦

«ኤጭ! ሎተሪ ደርሶሃል ይለኛል ደግሞ!»

ሳሊሕ የምስጋኑን ፊት ሲያይ ደነገጠ። «ምነው መሪጌታ? ዕቃው ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም» አለ ምስጋኑ። «ምነው በተበላሸ።»

የኔሰውን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ አገኘው። ሄድፎኑን ራሱ ላይ ደፋበት። የኔሰው እየሳቀ መስማት ጀመረ። ቦታዋ ስትደርስ ማኪያቶው ከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ።

«ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ ነህ።»

«ድምፄ እንዲህ ቀጭን ነው?»

«የኔሰው!»

«እሺ፣ እሺ። ስማኝ ምስጌ፣ መጀመሪያ ቀን ልነግርህ ነበር። አንተ ግን ታለቅሳለህ። ለሚያለቅስ ሰው ሎተሪ ነው ይባላል?»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ ማር ትውጣለህ።»

«በዓመቱስ?»

«በዓመቱ አሥራ ሁለት ተማሪ አንቀጥቅጠሃል። ከዚያ አርባ ደረሱ። የቱ ላይ ላስቁምህ?»

«በየኔታ ስም ጥርሴ ነዝሯል ብለህ ምለሃል እኮ!»

«ጥርሴማ ነዝሯል! አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፤ መላ ሰውነቴ ነው የነዘረው!»

ከልጅነታቸው ጀምሮ ምስጋኑ በየኔሰው ቀልድ ሳይስቅ የቀረበት ቀን ይህ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት በመምህሩ ድምፅ ፋንታ የአጭበርባሪ መልእክት አዚሟል፤ ያውም በቤተ መቅደስ፣ ያውም በነጭ ልብስ፣ ያውም ይህ ሰው ከጎኑ ቆሞ ጸናጽል እያንሿሿለት።

የኔሰው የምስጋኑ ፊት አለመፈታቱን ሲያይ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ በድያለሁ። እሑድ ሁለታችንም ቁርጥ እናድርግ። ከማኅሌቱ በኋላ እኔው በአፌ፣ በእውቀቱ ፊት እናገራለሁ። ብቻህን አልተውህም። ማርያምን!»

ምስጋኑ አመነው። ሰው አብሮ ያደገውን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው?

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ያቺ ቦታ ደረሰች። በእውቀቱ ከማዶ ሆኖ ዓይኑን ምስጋኑ ላይ ተከለ። ምስጋኑ ቁርጥ አደረገ፣ ልክ እንደ የኔታ። አርባው ተማሪ ግን ምን ያውቃል? «ርርርርርር» ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ንብ አስገባበት። ምስጋኑ ወደ ጎኑ ዞረ። የኔሰው መቋሚያውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከአርባው ሁሉ አስበልጦ፣ አሳምሮ ያንቀጠቅጣል።

ሲወጡ በእውቀቱ፣ «ምስጋኑ፣ ቆረጥክ። ምን ሰምተህ ነው?» አለ።

ምስጋኑ መልሱን ለየኔሰው ትቶ ጠበቀ። የኔሰው ዙሪያውን የከበቡትን አባቶች አየ፤ ከዚያም የምስጋኑን ትከሻ በሐዘኔታ መታ መታ አደረገ። «ጉሮሮው ደክሞ ነው፣ መምህር። ማር ያስፈልገዋል» አለ።

ምስጋኑ አልተጣላም፣ አልጮኸም። ማታለሉ ሳይሆን ያ የትከሻው መታ መታ ነው አጥንቱ ድረስ የገባው። ለበእውቀቱ፣ «ነገ ጠዋት ና፤ ራስህ ትሰማለህ» ብቻ ብሎት ሄደ።

ሰኞ ጠዋት አርባ ተማሪዎቹን መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበ። ሄድፎኑንና ዳኩን አወጣ፤ ከቀፎ ማር እንደሚያካፍል ሰው እያንዳንዱን በተራ አስቀምጦ ዘጠኙን ደቂቃ አስደመጠ። «እኔ የተሳሳትኩትን አስተምሬያችኋለሁ፤ አሁን ከራሳቸው ተማሩ» አላቸው። ይህ ብቻውን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ የሰማው በእውቀቱ ነበር። ስለ ሎተሪው አልሳቀም። የየኔታን ትንፋሽ ሲሰማ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበና፣ «ይቆርጣሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ትንፋሻቸውም እንዲሁ ነበር።»

የመጨረሻው ተማሪ ሄድፎኑን ሲያወልቅ የኔሰው ሁለት ጎብኚዎች አስከትሎ በመንገዱ መጣ። «ምስጌ! እንዴት ዋላችሁ?» ብሎ ከሩቅ ተጣራ። ምስጋኑ ቀና አላለም።

በዚህ መሐል የየኔሰው ኪስ «ርርርርር» አለ።

አርባ ራስ በአንድ ጊዜ ዞረ። የኔሰው እጁን ኪሱ ላይ እንደጫነ ደርቆ ቀረ፤ ስልኩንም አላነሳ፣ መንገዱንም አልቀጠለ።

«ወደ ዜማችሁ» አለ ምስጋኑ ለተማሪዎቹ። እነሱም ጀመሩ፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ አርባውም በአንድ ላይ ቁርጥ አደረጉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የየኔሰው ኪስ ብቻውን አንዴ ደግሞ ነዘረ።