የሙሴ ጠቅላላ ጉባኤ

የወሰዱኝ ከማስተምርበት ክፍል ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። እስር ቤት ስንደርስ አንዱ ወታደር ገፍቶ አስገባኝና በሩን ዘጋው። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ላብ፣ ሽንት፣ የበሰበሰ ጆንያ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ አየሁ። የምቀመጥበት ጠፍቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

"ና እዚህ፤ እግሬን ልሰብስብልህ" አለኝ አንድ ነጭ ሽማግሌ። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

"ፈረንጅም ይታሰራል እንዴ?" አልኩ ሳላስበው።

"ፈረንጅ አይደለሁም፤ አርመን ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው።"

አማርኛው ከእኔ ይሻል ነበር። ያኔ በከተማችን አርመኑንም ግሪኩንም "ሙሴ" እያልን ነበር የምንጠራው፤ እስረኛውም ሙሴ ይለዋል። ከጎኑ ምላሱ የማያርፍ የጭነት መኪና ሹፌር ተቀምጧል። "ሙሴ፣ እንኳን ደስ ያለህ! አስተማሪ መጣልህ" አለው ጠመኔዬን እያየ። ብዙ ጊዜ አብረው ስለታሰሩ "አንተ" ይባባላሉ፤ እኔ ግን አልደፈርኩም።

የሙሴ ጉዳይ እንዲህ ነው። በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአርመኖች የባህልና የትምህርት ማኅበር መሠረተ። ልጆቻቸው ቋንቋቸውን የሚማሩበት ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ከመሥራቾቹ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ አገር ለቋል፤ የቀረው እሱ ብቻ ነው። መርማሪው "ማኅበሩ በፈቃዱ ፈርሷል ብለህ ፈርምና ትምህርት ቤቱን አስረክብ፤ ዛሬውኑ ትፈታለህ" ብሎታል። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎታል። ሚስቱ ስንቅ ይዘው በር ላይ ነው የሚውሉት።

"ታዲያ ይፈርሙ እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?" አልኩት።

"አልችልም። መሥራች ያቋቁማል እንጂ አያፈርስም፤ ደንባችን ነው። የሚያፈርሰው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።"

"ጉባኤው የት አለና?"

ሙሴ እኔንና ሹፌሩን ተራ በተራ አየን። "ከመሥራቾች አንዱ ከተገኘ ሦስት አባል ይበቃል" አለ።

"እኔ አርመን ልሁንልህ? እናቴ ብትሰማ ጉድ ትላለች!" አለ ሹፌሩ።

"አርመን መሆን ግዴታ አይደለም። ቋንቋውን ልማር ያለ ሁሉ አባል ይሆናል።"

እዚያው ሁለት ቃል አስተማረን። በእነሱ ቋንቋ አዎ "አዮ" ነው፤ አይ ደግሞ "ዎች"። "አዮ ከአዎ በምን ይለያል? ሰርቃችሁን ነው!" አለ ሹፌሩ። ሙሴ ሳቀ። "ማን ከማን እንደሰረቀ ሌላ ጉባኤ ይወስናል" አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ኮቱን አስተካከለ።

"ጉባኤው ተከፍቷል። ማኅበሩ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል? አስተያየት ያለው?"

"ይቀጥላል እንጂ! እነሱ ስላሉ ነው የሚፈርሰው?" አለ ሹፌሩ።

እኔ ግን ሌሊቱን ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። "ልጆቹ ነገ በሌላ ቤት ይማራሉ። እርስዎ እዚህ ከሞቱ ግን ማን ይተካዎታል? ባለቤትዎ አያሳዝኑዎትም? ይፍረስ" አልኩ።

"አመሰግናለሁ" አለ። "ይቀጥል የሚል አዮ ይበል።"

"አዮ!" ብሎ ጮኸ ሹፌሩ። "አዮ" አለ ሙሴም። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

"ምን ሆናችሁ ነው አዬ አዬ የምትሉት? ማን ሞተባችሁ?" አለ ጠባቂው።

"እግሬን አሞኝ ነው" አለ ሙሴ።

"አንተስ?"

"እሱን ሲያመው እኔንም ያመኛል" አለ ሹፌሩ።

ጠባቂው ተሳድቦ ዘጋው። ሳቃችንን አፋችንን ይዘን ዋጥነው። ሙሴ ወደ እኔ ዞረ። "ያንተ ድምፅ ቀርቷል" አለኝ። ሁለቱ በቂ ነበሩ፤ ዝም ብል ማንም አይቀየመኝም። ግን አንጀቴ አልቻለም።

"ዎች" አልኩ።

"ከሃዲ!" አለኝ ሹፌሩ፤ ቀልዱም ምሩም ነበረበት።

"ተው" አለው ሙሴ። "ሁለት ለአንድ። ማኅበሩ ይቀጥላል። የአንድ አባል ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።" ወረቀት ስለሌለ ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጨበጠኝ። "ማኅበሩን ስንመሠርት አንዱ ጓደኛችን ዎች ብሎን ነበር። ከሁላችንም በላይ ያገለገለው እሱ ነው" አለኝ። ያኔ ውጭ፣ በየቀበሌው ስብሰባ፣ እጅ ሁሉ አንድ ላይ ነበር የሚወጣው። "አይ" ያለ ሰው ሲመሰገን እኔ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ጠሩት። ሲመለስ ከንፈሩ ተሰንጥቋል።

"ጉባኤው አልፈቀደም አልኩት" አለን። "በሙሉ ድምፅ ነው? አለኝ። አይደለም፣ ሁለት ለአንድ ነው አልኩት። አንዱ ማነው? ሲለኝ ግን ዝም አልኩ። የአባል ስም ለማን ይሰጣል?"

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት። ኮቱን ቆልፎ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ።

እኔ ስፈታ ሰፈሩን አጠያይቄ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ከአጥሩ ወዲያ ልጆች መምህራቸውን እየተከተሉ በማላውቀው ቋንቋ በአንድ ድምፅ ያነባሉ። ዘበኛውን "ሙሴስ?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። የፈራሁት ደርሷል፤ ልጆቹም እየተማሩ ነው። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ማሸነፍ ነበረብኝ ወይስ መሸነፍ፣ እስከ ዛሬ ቆርጬ መናገር አልችልም።

አሁን የምኖረው ኦስሎ፣ ትቬይታ የሚባል ሰፈር ነው። ባለፈው ሳምንት የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር፣ ቦሬትስላጉ፣ ዓመታዊ ስብሰባ ነበረው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ተዘግቶ የብስክሌት ማስቀመጫ ይሁን ተባለ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔ ብቻ በተቃውሞ እጄን አወጣሁ። ሰብሳቢዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ "አንድ ተቃውሞ" ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች። ልታስተረጉምልኝ ከግሮሩድ ሰፈር የመጣችው ልጄ በኀፍረት ቀላች።

"ኔይ፣ ኧረ አይ ፓፓ! ብቻህን እጅህን ምን አስወጣህ? ተሸነፍክ እኮ!" አለችኝ ስንወጣ።

"ተሸነፍኩ" አልኳት። "ተሸንፌም ይኸው ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው።"